ያልሰማ ይጠየቃልን?
ስብከት ስላልደረሳቸው ሕዝቦች የተደረገ ክርክር አጭር ታሪክ

ቀድሞ በአገራችን የመንግሥት አዋጅ ለሕዝብ የሚደርሰው በነጋሪት ነበር። አዋጅ ነጋሪው በገበያ መካከል ቆሞ ነጋሪቱን ያስጎስማል፤ ሕዝቡ ሲሰበሰብ ቃሉን ያሰማል፤ ከቃሉም ጋር «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» የሚለው ትእዛዝ ይከተላል። ይህች አጭር ቃል ብዙ ቁም ነገር አዝላለች። አንደኛ፣ ሕግ ከመጽናቱ በፊት መነገር እንዳለበት ታስገነዝባለች። ሁለተኛ፣ በዚያ ቀን ገበያ ያልዋለ ሰው መኖሩን ታምናለች። ሦስተኛ፣ ላልሰማው ሰው ኀላፊነቱን የምትጥለው በሰማው ላይ ነው። ሆኖም አንድ ጥያቄ ሳትመልስ ታልፋለች፤ ይኸውም የሰማው ሳያሰማ ቢቀር፣ ያልሰማው ሰው በአዋጁ ይጠየቃልን? የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በማስተምርበት የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ስለ አውሮፓውያን የባሕር ጉዞዎች የሚናገረውን ትምህርት ጨርሼ «ጥያቄ ያለው?» ስል፣ ከደቡብ የአገራችን ክፍል የመጣ አንድ ሠልጣኝ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ በቤታችን ወንጌልን መጀመሪያ የሰሙት አባቴ ናቸው። አያቴ ግን ሰባኪ ወደ መንደራችን ሳይመጣ ነው የሞቱት። የተጣላ የሚያስታርቁ፣ የድኻ አደግ ከብት የሚጠብቁ ሰው ነበሩ ይባላል። እርሳቸውስ ምን ይሆናሉ ይላሉ?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም በሃይማኖት ጉዳይ ፍርድ መስጠት የታሪክ መምህር ሥራ አለመሆኑን ገልጬ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍሁ። የተናገርሁት ስሕተት አልነበረበትም፤ ነገር ግን የጠያቂውን ፊት ስመለከት እንዳልመለስሁለት ታወቀኝ። ቆይቼ ሳስበው ደግሞ ጥያቄው የታሪክም ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚሁ ጉዳይ ሊቃውንት ተከራክረውበታል፤ ነገሥታት ፈርተውታል፤ በእርሱ ሰበብ የጠፉ ሕዝቦችም አሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ ነፍሳት መፍረድ አይደለም። ዓላማው ክርክሩ ከዘመን ወደ ዘመን እንዴት እንደ ተለወጠ ማሳየት ነው። ለውጡም የመጣው በአብዛኛው ከአንዲት ቀላል ከምትመስል ነገር፣ ማለትም «መስማት ማለት ምን ማለት ነው?» ከሚለው ጥያቄ መሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክርክሩ እንዴት ተጀመረ?

ክርስትና በሮም ግዛት ውስጥ መስፋፋት ሲጀምር ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱ ከክርስቶስ ልደት በፊት የኖሩትን ሰዎች የሚመለከት ነበር። በፍልስጥኤም ምድር፣ ዛሬ ናብሉስ በምትባለው ከተማ ተወልዶ በ165 ገደማ በሮም የተሠዋው ዮስጢኖስ ሰማዕት ለዚህ መልስ ለመስጠት ሞክሯል። እንደ እርሱ አስተያየት ሰው ሁሉ ከመለኮታዊው ቃል ተካፋይ ነው፤ ስለዚህ እንደ ሶቅራጥስና እንደ ሄራክሊጦስ በዚያ ቃል መሠረት የኖሩት ሰዎች፣ ምንም እንኳ ከሓድያን ቢባሉ፣ ከክርስቲያኖች ወገን የሚቆጠሩ ናቸው።

የአገራችን ቤተ ክርስቲያን ትውፊትም ስለ ቀደሙት ሰዎች የታወቀ ትምህርት አለው። አዳምና ልጆቹ 5500 ዘመን በሲኦል ቆይተው፣ ክርስቶስ በሥጋው በመቃብር ሳለ በነፍሱ ወደ ሲኦል ወርዶ ነጻ እንዳወጣቸው ይነገራል። በቀዳም ሥዑር ካህናት ለምለም ቄጠማ እያደሉ የምሥራች ሲናገሩ የሚታሰበው ይኸው ነው። ነገር ግን ይህ ትምህርት በዋናነት የሚናገረው አስቀድመው ስለሞቱት ነው። ከዚያ በኋላ ተወልደው፣ በርቀት ምክንያት ምንም ሳይሰሙ የሞቱት ጉዳይ ለብቻው የሚቆም ጥያቄ ሆኖ ኖሯል።

በ5ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ክርክሩ ወደ ነጻ ፈቃድ ዞረ። ከብሪታንያ ወደ ሮም የመጣው ጴላግዮስ ሰው በነጻ ፈቃዱ መልካሙን ሊመርጥ ይችላል፤ እግዚአብሔርም የማይቻል ነገር አያዝዝም ሲል አስተማረ። ዛሬ በአልጄርያ ውስጥ በሚገኘው የሂፖ ከተማ ጳጳስ የነበረው አውግስጢኖስ (354–430) ግን ተቃወመው። አውግስጢኖስ የሰው ፈቃድ የለም አላለም፤ ከአዳም ውድቀት ወዲህ ፈቃዱ ስለ ቆሰለ ያለ ጸጋ ወደ መልካም ሊነሣ አይችልም አለ እንጂ። ወንጌልን ስላልሰሙት ሰዎችም ሲጽፍ አለማወቃቸው ቅጣቱን ምናልባት ያቀልላቸው እንደሆነ እንጂ ከቅጣቱ እንደማያድናቸው ገልጿል። በ418 በቅርጣግና የተሰበሰበው ጉባኤ የጴላግዮስን ትምህርት አወገዘ። ከዚያም በኋላ የአውግስጢኖስ አስተሳሰብ በምዕራብ አውሮፓ ለረጅም ዘመን ሥር ሰደደ።

ይህ ጥያቄ የክርስቲያኖች ብቻ አልነበረም። የእስልምናው ታላቅ ሊቅ አል ገዛሊ (1058–1111) የነቢዩ መልእክት ስላልደረሳቸው ሰዎች ሲጽፍ በሦስት ከፍሏቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ጭራሽ ያልሰሙ ናቸው፤ እነዚህ ይቅርታ የሚደረግላቸው ናቸው። ሁለተኛዎቹ በትክክል ሰምተው፣ ማስረጃውን አይተው እምቢ ያሉ ናቸው፤ እነዚህ ይጠየቃሉ። ሦስተኛዎቹ ስሙን ሰምተዋል፤ የሰሙት ግን ተዛብቶና ጠልሽቶ ነው። አል ገዛሊ እነዚህን የቆጠራቸው ካልሰሙት ጋር ነው። አንባቢው ይህን ሦስተኛ ክፍል በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

በአውሮፓ ደግሞ ቶማስ አኩዊናስ (1225–1274) በዱር ብቻውን ያደገን ሰው ምሳሌ አድርጎ አቀረበ። ያ ሰው በተፈጥሮ አእምሮው መልካሙን ቢከተልና ከክፉ ቢርቅ፣ እግዚአብሔር ወይ በውስጡ ይገልጥለታል፣ ወይም ሰባኪ ይልክለታል አለ። ምሳሌው ራሱ የዘመኑን አመለካከት ያሳያል። ብዙዎቹ የመካከለኛው ዘመን ሊቃውንት ወንጌል ለዓለም ሁሉ ተሰብኳል ብለው ያስቡ ስለነበር፣ ያልሰማ ሰው ለእነርሱ ከስንት አንድ የሚገኝ የዱር ሰው ነበር።

ይህን አስተሳሰብ እጅግ ጠንክሮ የምናገኘው በፍሎረንስ ጉባኤ ነው። በ1441 ከኢየሩሳሌም የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ከግብጻውያን መልእክተኞች ጋር ወደዚያው ከተማ ሄደው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት፣ የካቲት 1442፣ ከግብጽ ቤተ ክርስቲያን ጋር ኅብረት ለመፍጠር በወጣው ሰነድ ላይ፣ ከሮማ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ያለ ሁሉ፣ አረማዊም ሆነ አይሁዳዊ፣ መናፍቅም ሆነ ተገንጣይ፣ ከመሞቱ በፊት ካልተቀላቀለ በቀር የዘለዓለም ሕይወት እንደማያገኝ ተጻፈ። ከዚያ 50 ዓመት ያህል ቆይቶ ኮሎምበስ መርከቡን አስነሣ።

በማይሰማ ቋንቋ የተነበበ አዋጅ

ከ1492 በኋላ «ያልሰማ ሰው» የሚባለው ከዱር የተገኘ አንድ ብቸኛ ሰው መሆኑ ቀረ። ከተማ፣ ሕግ፣ እርሻና መንግሥት ያላቸው ሚሊዮኖች ሆኑ። እነርሱም በፈቃዳቸው ያልተቀበሉት ነገር አልነበረም፤ ውቅያኖስ ለይቷቸው ነበርና።

እስፓኛውያን በሂስፓኞላ ደሴት ከሰፈሩ በኋላ ነባሩን ሕዝብ በማዕድንና በእርሻ ሥራ ላይ በግድ አሠማሩት። በጦርነት፣ በሥራው ጭካኔና ከአውሮፓ በመጣ በሽታ ሕዝቡ በፍጥነት አለቀ። በታኅሣሥ 1511 አንቶኒዮ ዴ ሞንቴሲኖስ የተባለ የዶሚኒካውያን መነኩሴ በሳንቶ ዶሚንጎ ከተማ፣ ባለሥልጣኖችና ባለርስቶች በተሰበሰቡበት፣ እነዚህን ሰዎች በምን መብት ታሰቃያላችሁ ብሎ በአደባባይ ገሠጻቸው። ሰሚዎቹ ተቆጥተው ከሰሱት፤ ነገሩም ወደ እስፓኝ ደረሰ።

የእስፓኝ መንግሥት ካገኛቸው መፍትሔዎች አንዱ ሕጋዊ የሚመስል ሰነድ ማዘጋጀት ነበር። በ1513 ሁዋን ሎፔዝ ዴ ፓላስዮስ ሩቢዮስ የተባለ የሕግ ዐዋቂ «ሬኬሪሚየንቶ» የተባለውን ጽሑፍ አዘጋጀ፤ ትርጉሙ «ማሳሰቢያ» እንደ ማለት ነው። ጽሑፉ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ዓለምን እንደ ፈጠረ ይናገራል፤ ከዚያም ጴጥሮስ በሰው ልጆች ሁሉ ላይ እንደ ተሾመ፣ ከእርሱ በኋላ ከነገሡት ሊቃነ ጳጳሳት አንዱ እነዚህን አገሮች ለእስፓኝ ነገሥታት እንደ ሰጠ ያስረዳል። በመጨረሻም ሰሚዎቹ ቤተ ክርስቲያንንና ንጉሡን እንዲቀበሉ ይጠይቃል። እምቢ ካሉ ጦርነት እንደሚከፈትባቸው፣ እነርሱ፣ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው ባሮች እንደሚሆኑ፣ ለሚደርሰውም ሞትና ጥፋት ተጠያቂዎቹ ራሳቸው እንደሆኑ ይገልጻል።

ይህ ጽሑፍ ሲነበብ ጸሓፊ ቆሞ መነበቡን በፊርማው እንዲያረጋግጥ ታዝዞ ነበር። የሚነበበው ግን ብዙ ጊዜ በእስፓኝ ቋንቋ ነበር። አንዳንድ ጊዜም ከመንደሩ ርቆ፣ ሕዝቡ በሌለበት፣ ለዛፍና ለባዶ ጎጆ ተነቧል። የሕንዶቹ ጠበቃ የሆነው ባርቶሎሜ ዴ ላስ ካሳስ ስለዚህ ጽሑፍ ሲናገር ሰው ይሣቅበት ወይስ ያልቅስበት እንደማያውቅ ጽፏል።

እዚህ ላይ የአገራችንን አዋጅ ነጋሪ እናስታውስ። የእርሱ ትእዛዝ ላልሰማው ሰው ያስባል። ሬኬሪሚየንቶ ግን ያልሰማውን ሰው እንደ ሰማ አድርጎ በወረቀት ለመመዝገብ የተዘጋጀ ነበር። «ሰምቶ እምቢ ያለ» የሚባል ጥፋተኛ ማግኘት አስፈላጊ ስለነበረ፣ ሰሚው ተፈበረከ።

በፔሩ የሆነው ከዚህ የባሰ ነው። በኅዳር 1532 የኢንካው ንጉሥ አታዋልፓ በካካማርካ አደባባይ ከፒዛሮ ሰዎች ጋር ተገናኘ። ቪሴንቴ ዴ ቫልቬርዴ የተባለው መነኩሴ በአስተርጓሚ ስለ እምነቱ ነግሮ መጽሐፍ ሰጠው። ንጉሡ የጽሕፈት ልማድ በሌለበት አገር ያደገ ነበርና መጽሐፉን አገላብጦ አይቶ ወረወረው። ይህም ለጥቃቱ ምልክት ሆነ፤ በዚያች ምሽት ብዙ ሺህ ሰዎች ተገደሉ፤ ንጉሡም ተማረከ። በ1533 ሞት ሲፈረድበት ካልተጠመቀ በእሳት እንደሚቃጠል፣ ቢጠመቅ ግን በመታነቅ እንደሚሞት ተነገረው። ተጠመቀ፤ ታንቆም ሞተ። አንባቢ ሆይ! ይህ ሰው ሰምቷል እንበልን? በነጻ ፈቃዱስ አመነ እንበልን?

የሳላማንካው መምህር

የፔሩ ወሬ በእስፓኝ አገር በሳላማንካ ዩኒቨርሲቲ ነገረ መለኮት ያስተምር ለነበረው ለፍራንሲስኮ ዴ ቪቶርያ ደረሰው። ቪቶርያ መምህር ነበር፤ አሜሪካን በዓይኑ አላየም፤ ሠራዊትም ሥልጣንም አልነበረውም። በ1534 ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ የፔሩን ነገር ሲሰማ ደሙ እንደሚቀዘቅዝ ገልጿል። በ1539 ደግሞ ስለ ሕንዶቹ ጉዳይ በዩኒቨርሲቲው በአደባባይ ትምህርት ሰጠ። ከትምህርቱ ውስጥ ለርእሳችን የሚያስፈልጉትን ሦስት ነጥቦች እንደሚከተለው ማጠቃለል ይቻላል።

1ኛ/ ሕንዶቹ ስለ ክርስቶስ ምንም ከመስማታቸው በፊት ባለማመናቸው ኀጢአት አልሠሩም። ሰው ሊያሸንፈው በማይችለው ባለማወቅ አይከሰስምና።

2ኛ/ እምነቱ እንደ ተነገራቸው ወዲያው ባያምኑም አይፈረድባቸውም። ያለ ማስረጃና ያለ አሳማኝ ምክንያት የቀረበን ነገር ሁሉ መቀበል ጥበብ አይደለም፤ ከዚህም በላይ ሰባኪዎቹ መልካም ኑሮ ሊያሳዩ ይገባል። ቪቶርያ በዚህ ላይ የሚደርሰው ወሬ ስለ ተአምራትና ስለ ቅድስና ሳይሆን ስለ ግፍ መሆኑን ገልጿል።

3ኛ/ በሚገባ ተነግሯቸው እምቢ ቢሉ እንኳ በዚህ ምክንያት ጦር ማንሣት፣ ንብረታቸውንም መቀማት አይፈቀድም። እምነት የፈቃድ ሥራ ነው፤ ፍርሃት ደግሞ ፈቃድን ያጎድላል።

በዚህ ትምህርት «መስማት» የሚለው ቃል አዲስ ክብደት አገኘ። ድምፅ ጆሮ ውስጥ መግባቱ ብቻ መስማት መሆኑ ቀረ። ሰሚው በሚገባው ቋንቋ፣ ከማስረጃ ጋር፣ ተናጋሪው በሚታመንበት ሁኔታና እምቢ ለማለት ነጻነት ባለበት ሲነገር ብቻ ተሰማ ሊባል ይችላል ማለት ነው። ንጉሡ ቀዳማዊ ካርሎስ በኅዳር 1539 ለገዳሙ አለቃ ጽፎ እንዲህ ያለው ክርክር እንዲቆም ማዘዙ፣ የአንድ መምህር ትምህርት ምን ያህል እንዳሳሰበው ያመለክታል።

ቪቶርያን ግን ያለ ልክ ማሞገስ አይገባንም። በዚያው ትምህርቱ ውስጥ እስፓኛውያን የመዘዋወር፣ የመነገድና የመስበክ መብት አላቸው፤ ይህን መብት የሚከለክል ካለ ጦር ማንሣት ይቻላል ብሏል። ስለዚህ በአንድ እጁ የዘጋውን በር በሌላ እጁ በጥቂቱ ከፍቶታል። በ1537 ሊቀ ጳጳስ ጳውሎስ 3ኛ ሕንዶቹ እውነተኛ ሰዎች መሆናቸውንና ነጻነታቸውንም ሆነ ንብረታቸውን ማጣት እንደማይገባቸው ቢያውጅም፣ በ1550 እና በ1551 ላስ ካሳስና ሴፑልቬዳ በቫያዶሊድ ቢከራከሩም፣ በአሜሪካ የሚፈጸመው ግፍ አልቆመም። ጥሩ ትምህርት ብቻውን ግፍን አያቆምም። ነገር ግን ግፈኛው «ሕጋዊ ነኝ» እንዳይል ይከለክለዋል።

የያማጉቺ ዕንባ

እስካሁን ያየነው ሊቃውንቱ ስለ ሩቅ ሕዝቦች የተከራከሩትን ነው። አሁን ደግሞ ጥያቄውን ያልሰሙት ሰዎች ራሳቸው ሲያነሡት እንመልከት።

ፍራንሲስ ዛቪዬር ከኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራቾች አንዱ ነበር። በ1542 ወደ ሕንድ ሲጓዝ በማሊንዲና በሶቆጥራ ደሴት በኩል አልፏል። በ1547 በማላካ አንጂሮ የተባለ ጃፓናዊ አገኘ፤ ይህ ሰው በአገሩ ነፍስ አጥፍቶ የሸሸ ነበር። በነሐሴ 1549 ዛቪዬርና ጓደኞቹ አንጂሮን አስከትለው በካጎሺማ ወደብ ላይ ወረዱ።

የመጀመሪያው ችግር የቋንቋ ነበር። «እግዚአብሔር» የሚለውን በጃፓንኛ ምን እንበለው? አንጂሮ ሊቅ ስላልነበረ «ዳይኒቺ» የሚለውን ስም መከራቸው። ዳይኒቺ ግን የሺንጎን ቡድሃውያን ታላቅ ቡድሃ ስም ነው። ስለዚህ ዛቪዬር በየመንገዱ ዳይኒቺን አምልኩ እያለ ሲሰብክ፣ የሺንጎን መነኮሳት የራሳቸውን ሃይማኖት የሚያስተምር መስሏቸው በደስታ ተቀበሉት። ስሕተቱ የታወቀው በ1551 በያማጉቺ ነው። ወዲያው ሰዎች ዳይኒቺን እንዳያመልኩ ይነገር ጀመር፤ በምትኩም የላቲኑ «ዴኡስ» ገባ። እንግዲህ ከዚያ በፊት ለሁለት ዓመት ያህል ስብከቱን ያዳመጡት ሰዎች ሰምተዋል እንበልን? የአል ገዛሊ ሦስተኛ ክፍል እዚህ ላይ ትዝ ሊለን ይገባል። በዚህኛው ግን ማንም ለክፋት አላዛባውም፤ ያዛባው ትርጉም ነው።

በያማጉቺ ዛቪዬር እንደ ጻፈው በሁለት ወር ውስጥ አምስት መቶ ያህል ሰዎች ተጠመቁ። ከመጠመቃቸውም በፊት ብርቱ ጥያቄ አቀረቡለት። እግዚአብሔር ቸር ከሆነ፣ እናንተ እስክትመጡ ድረስ ለጃፓን ሕዝብ ለምን ራሱን አልገለጠም? ሲሉ ጠየቁት። ዛቪዬርም መለሰ፤ ከቻይና ሕግና ሃይማኖት ሳይመጣላችሁ በፊት መግደል፣ መስረቅና በሐሰት መመስከር ክፉ መሆኑን ታውቁ ነበር፤ በዱር ብቻውን ያደገ ሰው እንኳ ቢጠየቅ ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ የእግዚአብሔር ሕግ አስቀድሞ በሰው ልብ ተጽፏል አላቸው። በዚህ መልስ ጠያቂዎቹ ረኩ።

ሌላው ጥያቄ ግን እንዲህ በቀላሉ አላለፈም። አባቶቻችንና አያቶቻችን የት ናቸው? በጸሎትና በምጽዋት ልናወጣቸው አንችልምን? ሲሉ ጠየቁት። በሙታን መታሰቢያ ለቀደሙት ወላጆቹ ለሚጸልይ ሕዝብ ይህ ከሁሉ የበለጠ ጥያቄ ነበር። ዛቪዬር መውጫ እንደሌላቸው ነገራቸው። እነርሱም አለቀሱ። በጥር 1552 ከኮቺን ወደ አውሮፓ በላከው ደብዳቤ፣ ወዳጆቹ ስለ ሙታናቸው ሲያለቅሱ ማየት እርሱንም እንደሚያሳዝነው አልደበቀም። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ፣ ወደ ቻይና ለመግባት ሲጠባበቅ፣ በአንዲት ደሴት ላይ ሞተ።

የዛቪዬርን ሁለት መልሶች ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው አንድ ከባድ ነገር እናያለን። በመጀመሪያው መልስ የጃፓን አባቶች ሕጉን በልባቸው ያውቁ ነበር። በሁለተኛው መልስ ያ እውቀት ለክስ ካልሆነ በቀር ለተስፋ አልጠቀማቸውም። ነገር ግን በልብ የተጻፈው ሕግ ሰውን የሚያስከስሰው ከሆነ፣ የጠበቀውንስ ለምን አያስመሰግነውም? ከዛቪዬር በፊትም ሆነ በኋላ ብዙዎችን ወደ ሌላ መልስ የገፋቸው ይኸው ጥያቄ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሆነው

በዚያው ዘመን በተሐድሶ አራማጆች መካከልም ልዩነት ነበረ። የዙሪኩ ዝዊንግሊ በመጨረሻ ጽሑፎቹ በአንዱ ሶቅራጥስን የመሳሰሉትን ደጋግ አሕዛብ በሰማይ ከሚገኙት መካከል ሲቆጥር፣ ሉተር በዚህ እጅግ ተቆጣ። በካቶሊኮች በኩል በ1547 የትሬንቶ ጉባኤ የሰው ነጻ ፈቃድ ከአዳም ውድቀት በኋላ ደከመ እንጂ አልጠፋም ሲል ወሰነ። በ1713 ደግሞ ሊቀ ጳጳሱ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ጸጋ አይሰጥም የሚለውን አባባል ከተወገዙት ዐረፍተ ነገሮች መካከል አስገባው። በ1964 ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ ያለ ራሳቸው ጥፋት ወንጌልን ሳያውቁ እግዚአብሔርን በቅን ልብ የሚፈልጉና በኅሊናቸው መሠረት ለመኖር የሚጥሩ ሰዎች ድኅነት ሊያገኙ እንደሚችሉ ገለጸ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1965፣ ሰው በእምነት ጉዳይ ሊገደድ እንደማይገባ ዐወጀ። በ1442 ከተጻፈው እስከ 1964 ድረስ ያለው ርቀት ከአምስት መቶ ዓመት ይበልጣል። በሌሎች የክርስትና ክፍሎች ዘንድ ግን ጉዳዩ ዛሬም ያከራክራል።

የነጻ ፈቃድን ነገር አገራችንም በራሷ ታሪክ አይታዋለች። ከዛቪዬር ማኅበር የተላኩ ኢየሱሳውያን በ1557 ወደ ኢትዮጵያ መጡ። በ17ኛው ምዕተ ዓመት ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው በሕዝባቸው ላይ ሊያጸኑት በሞከሩ ጊዜ ብዙ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻም በ1632 ሕዝቡ ወደ ቀደመ እምነቱ እንዲመለስ ራሳቸው ዐወጁ። የኢትዮጵያ ሕዝብ ወንጌልን ያልሰማ አልነበረም፤ ስለዚህ ጉዳዩ ከጃፓን የተለየ ነው። ትምህርቱ ግን አንድ ነው፤ በአዋጅ የመጣ እምነት በአዋጅ ይሄዳል።

ለእኛ ለመምህራን

ውድ የሥራ ባልደረቦቼ! ይህን ታሪክ በክፍል ውስጥ ስናስተምር ማን ይጸድቃል፣ ማን ይኰነናል በሚለው ውስጥ መግባት አያስፈልገንም። በአንድ ወንበር ላይ ክርስቲያንና ሙስሊም፣ የአባቶቹን እምነት የሚከተልም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ይሁን እንጂ ተማሪው ሰው ተጠያቂ የሚሆነው መቼ ነው? ብሎ እንዲያስብ ማድረግ እንችላለን። ከታሪኩ የምናገኛቸው መለኪያዎች በሚገባው ቋንቋ መነገሩ፣ ማስረጃ መቅረቡ፣ ተናጋሪው መታመኑና እምቢ የማለት ነጻነት መኖሩ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል «ነግሬው እምቢ አለ» ማለት ከሬኬሪሚየንቶ ጸሓፊ ፊርማ አይሻልም።

እኛም በየቀኑ እንዲህ ያለ ፊርማ እንፈርማለን። በመዝገባችን ላይ «ምዕራፍ 4 ተጠናቋል» ብለን እንጽፋለን። መጽሐፉ ተነቧል፤ ደወሉ ተደውሏል፤ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ግን ቋንቋው አልገባውም፤ ለመጠየቅም ፈርቷል። በፈተናው ሲወድቅ «አስተምሬው ነበር» እንላለን። ሳይገባው የቀረ ልጅና ገብቶት የተወ ልጅ በመልስ ወረቀት ላይ አንድ ይመስላሉ። እነዚህን ሁለቱን መለየት የመምህር ዋና ሥራ ይመስለኛል።

ያንን ሠልጣኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ አገኘሁት። ስለ አያቱ መልስ እንደሌለኝ አስቀድሜ ነገርሁት። ቀጥዬም የያማጉቺን ሰዎች ታሪክ፣ ስለ አባቶቻቸው እንዴት እንደ ጠየቁና እንዴት እንዳለቀሱ አጫወትሁት። ዝም ብሎ አዳመጠኝ። በመጨረሻም «እንግዲያው ከእኔ በፊትም የጠየቀ አለ» አለኝ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ «ይህን ለአባቴ ማሰማት አለብኝ፤ እርሳቸውም በሆዳቸው ይዘውት የኖሩት ነገር ሳይሆን አይቀርም» ብሎኝ ሄደ።

ለተማሪዎች የውይይት ጥያቄዎች

1/ የአገራችን አዋጅ ነጋሪና የሬኬሪሚየንቶ አንባቢ በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?

2/ ቪቶርያ የሕንዶቹን መብት ሲከላከል ለእስፓኛውያን የተወላቸው መብት የትኛው ነው? ይህ መብት ምን ጉዳት ሊያስከትል ይችላል?

3/ አንጂሮ የመከረው ስም ባይለወጥ ኖሮ የጃፓን ሰዎች ስብከቱን ሰምተዋል ሊባል ይችል ነበርን? ምክንያታችሁን አስረዱ።

4/ በአካባቢያችሁ አዲስ ሕግ ሲወጣ ለሕዝቡ የሚነገረው በምን ዓይነት መንገድ ነው? ያልሰማ ሰው ሕጉን ቢተላለፍ ምን ሊደረግ ይገባል ትላላችሁ?